ዋስ ያልተጠየቀላት ልጄ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ካቻምና፣ ኅዳር ሲታጠን በዋለበት ሰሞን ነው። ከዚያ ወዲህ ሸሚዝ የለበሰ ሰው አጠገቤ ሲቆም ዓይኔ የሚያርፈው ፊቱ ላይ ሳይሆን ቁልፉ ላይ ነው። አንድ ጊዜ አውቶቡስ ውስጥ ሳላስበው የአንድ ሰውዬን የሸሚዝ ቁልፍ ገልብጬ ሳይ፣ «እትዬ፣ ኪሱ በዚህ በኩል ነው» ብሎኝ ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ምን ብዬ ላስረዳቸው?

ቤቴ መርካቶ፣ ከራጉኤል ጀርባ ነው። ባለቤቴ ከሞተ ጀምሮ የምተዳደረው የተቀደደ ጆንያ በመጣፍ ነው። ከነጋዴዎቹ መጋዘን ግድግዳ ሥር፣ መንገዱ ዳር ሲባጎዬንና መርፌዬን ይዤ እቀመጣለሁ። ሁለት ሴት ልጆች ነበሩኝ። ታላቋ የሺ፣ ታናሿ ትዕግሥት ይባላሉ።

መርፌ መያዝ የተማርኩት ከአባቴ ነው። አባቴ ጎጃም ውስጥ የአንድ ደጃዝማች ድንኳን ሰፊ ነበር። ድንኳን ነፋስ ሲመታው መጀመሪያ የሚላቀቀው ማሰሪያው ነውና ለማሰሪያው የራሱ አሰፋፍ ነበረው። ክሩን ከሥሩ ደጋግሞ ይጠመጥመዋል፣ ከዚያ መርፌውን በጥምጥሙ ውስጥ ወደ ኋላ አሹልኮ በጀርባ በኩል ጎን ለጎን ሁለት ቋጠሮ ይጥላል። አንዱ ቢበጠስ ሁለተኛው ይይዛል። «ድንኳኑ ይቀደዳል እንጂ ማሰሪያው አይለቅም» ይል ነበር። እኔ ያንን አሰፋፍ ለቁልፍ አደረግሁት። ለየሺም ገና በልጅነቷ አስተማርኳት። ከእኛ ቤት ሌላ እንደዚያ አድርጎ ቁልፍ የሚተክል ሰው አይቼ አላውቅም።

የሺ ለአቅመ ሥራ ስትደርስ አንድ የሸሚዝ ፋብሪካ ቁልፍ ተካይ አድርጎ ቀጠራት። ስትቀጠር «ዋስ አምጪ» ተባለች። ዋስ ማግኘት ለእንደኛ ዓይነቱ ሰው ቀላል አይደለም። የሰፈራችንን ባለሱቅ አቶ አበበን ደጅ ጠናሁ። «ልጅቷ ብትጠፋ የምያዘው እኔ ነኝ እኮ አስካለ» እያሉ አመላለሱኝ። በመጨረሻ ሚስታቸው ሲቆጧቸው ሄደው ፈረሙ።

አንድ ቀን የሺ ጉንፋን ይዟት ከቤት ቀረች። ገና እኩለ ቀን ሳይሆን አቶ አበበ ላብ በላብ ሆነው ደጃችን ደረሱ። ፋብሪካው ሰው ልኮባቸው ነው። «ልጅሽ የት አለች? አሳዪኝ፣ በዓይኔ ልያት» አሉ። የሺ ከብርድ ልብሱ ውስጥ አንገቷን ብቅ አድርጋ፣ «አለሁ ጋሼ፣ አልሰረቅሁም» አለቻቸው። ያን ዕለት ስንስቅ ዋልን። ለካ የሚፈልግሽ ሰው መኖሩ ነበር ትልቁ ነገር። እኔ ያን ጊዜ አልገባኝም።

ፋብሪካው ውስጥ ልጆቹ በአንድ ረጅም ክፍል ተደርድረው ይሠራሉ። ሲታመሙ ወደ ሐኪም የሚሄዱበት ወረቀት ይሰጣቸዋል። የየሺን አሰፋፍ ግን ካቦው አቶ መኩሪያ አይወድላትም። ጊዜ ይፈጃል። «አንቺ ልጅ፣ ሸሚዝ ነው ድንኳን ነው የምትሰፊው?» ይላታል። ማታ መጥታ እሱን እየመሰለች ትነግረኝና፣ «አላወቀም እንጂ ድንኳን ነው» ትላለች። አሰፋፏንም አልተወችም።

ሰኔ ሲገባ አቶ መኩሪያ የቁልፍ ተካዮቹን ሁሉ ሰብስቦ ከእንግዲህ ሥራው ውጪ ሊሰጥ ነው ብሎ ነገራቸው። የሺ ያለውን ቃል በቃል ነገረችኝ። «እናንተ ሥራ ቢኖርም ባይኖርም ደመወዝ ትበላላችሁ። መብራቱ የፋብሪካው፣ ክሩ የፋብሪካው፣ ሲያማችሁ ሐኪሙ የፋብሪካው ነው። ውጪ ያለው ሰው ግን በራሱ ኩራዝ፣ በራሱ መርፌ ይሠራል። ሥራ ሲጠፋ ቤቱ ይቀመጣል፣ ሙሴው ምንም አይከፍለውም። እኔ አይደለሁም ያወጣኋችሁ፣ ሒሳቡ ነው ያወጣችሁ።» ሙሴው የሚሉት ባለፋብሪካውን ነው።

አንዲት ልጅ፣ «ሒሳቡን ጥሩልን እናናግረው» አለች አሉ። ልጆቹ እያለቀሱ ሳቁ።

የወጡ ዕለት በሩ ላይ አንድ ወንድሙ የሚባል ሰው ቆሞ ነበር። እሱ ራሱ የዚያው ፋብሪካ ጨርቅ ቆራጭ የነበረ ነው። አሁን ከፋብሪካው ጋር ውል ይዞ ሥራውን የተቀበለው እሱ ነው። መሥራት የምትፈልግ ትምጣ አላቸው። ጨርቁ ማታ መጥቶ ጠዋት ስለሚፈለግ ልጆቹ እዚያው ማደር አለባቸው። የተከራየው ቤት ጉለሌ ነው። እሑድ እሑድ ይለቀቃሉ።

እኔ ፈራሁ። ሴት ልጅ ከቤት ውጪ ስታድር ማን አይፈራም? በበነጋው ልጄን ይዤ ሄድኩና ሰውየውን አየሁት። ትሑት ሰው ነው። ካፖርቱን ደርቦ፣ ባርኔጣውን አንስቶ እጅ ነሳኝ።

«ዋስ ላምጣ?» አልኩት። ከአቶ አበበ ጋር ያን ሁሉ ልመና እንደገና መጀመሬ ነው ብዬ ነበር።

«ኧረ ምን ዋስ እናቴ» አለኝ። «ልጆቹን አውቃቸዋለሁ እኮ። ይግቡና ይሥሩ።»

እግዜር ይስጥህ አልኩት። መረቅሁት። ዋስ ያልጠየቀን ደግ ሰው አገኘን ብዬ ለጎረቤት ሁሉ ተናገርኩ። የልጄን ስም ሲጽፍ እንኳን አላየሁም። የሚፈርም የለ፣ የሚመጣ የለ፣ ቤታችሁ የት ነው ያለም የለ። ያን ጊዜ ይህ ሁሉ እንደ እፎይታ ነው የታየኝ።

በክረምቱ የሺ እሑድ እሑድ እየመጣች ራሷን ታጥባ፣ ትዕግሥትን ሹሩባ ሠርታ ትመለስ ነበር። ከስታለች። ጣቶቿ በመርፌ ተበሳስተዋል። ለዕንቁጣጣሽ መጣችና አብራን ዋለች። ስትሄድ፣ «እማ፣ የተማሪ ቤት ሸሚዝ ስለበዛ እስከ መስቀል ላልመጣ እችላለሁ» አለችኝ። እስከ አውቶቡሱ ሸኘኋት። ከዚያ ወዲህ አላየኋትም።

መስቀል መጣ፣ ደመራው ተቃጠለ፣ የሺ ቀረች። የሚቀጥለውም እሑድ ቀረች። ሰኞ ጠዋት ጉለሌ ሄድኩ። ቤቱ ተዘግቷል። የጎረቤት ሰው ተነስተው ሄደዋል አለኝ። ወዴት ብለው አያውቅም። ወደ ፋብሪካው ሄድኩ። ዘበኛው በሩን ገርበብ አድርጎ፣ «እማማ፣ የእኛ ሠራተኛ ናት?» አለኝ።

«ነበረች።»

«ነበረች ለሚባል ሰው በር አልከፍትም።»

ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ደንቡን የሚያውቅ አንድ መቶ አለቃ በትሕትና፣ «አሠሪዋ ማነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ወንድሙ ብቻ ነው የማውቀው አልኩት። የአባቱን ስም አላውቅም። «ዋሷስ ማነው?» አለ። ዋስ የላትም አልኩ። ብዕሩን አስቀመጠና አየኝ። ያኔ ነው መጀመሪያ የደነገጥኩት።

አቶ አበበ ጋ ሄጄ አለቀስኩ። «እኔ ከፋብሪካው ስትወጣ ዋስነቴ ወረደ አስካለ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ቢሆንም ሱቃቸውን ዘግተው አብረውኝ ሲፈልጉ ዋሉ።

ጥቅምትን እንዲህ ስፈልግና ስጠብቅ ከረምኩ። ጆንያ ካልጣፍኩ አንበላምና ጠዋት እፈልጋለሁ፣ ከሰዓት እሰፋለሁ። ሴት ልጅ ነጠላ ለብሳ ባለፈች ቁጥር ቀና እላለሁ። አንድ ከሰዓት በኋላ በመንገዱ ቀብር አለፈ። የድኃ ቀብር ነው። ሬሳው በሰሌን ተጠቅልሎ ሁለት ተሸካሚዎች በቃሬዛ ይዘውታል። ጥላ የለ፣ ድንኳን የለ፣ ዕድር የለ። ጥቂት ልጃገረዶች ብቻ ይከተላሉ። ነጋዴው ሁሉ ሸቀጡ ላይ ነው። ባዳም ቢሆን ቀብር ሲያልፍ ተነስቶ መሸኘት ወጋችን ነውና መርፌዬን ትቼ ተነሳሁ፣ ጥቂት አብሬያቸው ተራመድኩ። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ የተከናነበችውን አንዷን፣ «የማን ናት ልጄ?» አልኳት። «ሰው የላትም እማማ» አለችኝ። ነፍስ ይማር ብዬ ተመለስኩ። ለመጋዘኑ ሰው ለማታ የምሰጠው ጆንያ ነበረብኝ።

ኅዳር ሲታጠን በዋለ በማግሥቱ ነው፤ የሰፈሩ ጭስ ገና አልጠፋም። ኩሊው ደሳለኝ ሸሚዙን ይዞ መጣ። ደሳለኝ ከመጋዘኑ ዕቃ የሚሸከም ጎረቤቴ ነው፤ ቀልደኛ ነው። አዲስ ሸሚዙ በሸክም ላይ እያለ የሳጥን ሚስማር ይዞት ከደረቱ ተተልትሏል።

«እትዬ አስካለ፣ ይኸን ጉድ እዪልኝ። ጨርቁ አለቀ፣ ቁልፉ ግን ንቅንቅ አላለም። ሸሚዙ አልቆ ቁልፉን ብቻ ለብሼ ልሄድ ነው።»

ተቀብዬ ሳየው እውነቱን ነው። ጨርቁ በቁልፉ ዙሪያ ተቀድዶ ቁልፉ በቦታው ነው። ገለበጥኩት። ከጀርባው ጎን ለጎን ሁለት ቋጠሮ አለ።

«ከየት ገዛኸው?» አልኩት።

«ከሶማሌ ተራ፣ ከእንድሪስ ሱቅ። ምነው? ሰርቄው መሰለሽ?»

ሸሚዙን ይዤ ሮጥኩ። ደሳለኝ በካናቴራ ቀርቶ ከኋላዬ ይጮኻል።

ጋሼ እንድሪስ የወሎ ሰው ናቸው። ሱቃቸው ጠባብ ነው፤ ሸሚዙ እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። ሳላስፈቅድ አንዱን ሳብኩና ቁልፉን ገለበጥኩ። ሌላም ሳብኩ። አንዱ እንዲሁ በጥድፊያ የተጠቀጠቀ ነው። ሌላው ደግሞ ሁለት ቋጠሮ አለው።

«እትዬ፣ የሚገዙት ሸሚዙን ነው ቁልፉን ነው?» አሉኝ።

ሸሚዞቹን እንደያዝኩ ደጃፉ ላይ ቁጭ አልኩ። በርጩማ አውጥተው አስቀመጡኝ፣ ውኃ ሰጡኝ። እንደምንም ነገርኳቸው። ቁልፏ ይኸው ነው፣ ልጄ ግን የለችም አልኳቸው። ጋሼ እንድሪስ ሸሚዙን ተቀብለው ቋጠሮውን በጥፍራቸው ዳሰሱት።

«ወላሂ፣ ይህን ያህል ዘመን ሸሚዝ ስሸጥ ማን ሰፋው ብዬ አስቤ አላውቅም» አሉ። ከዚያ ተነስተው ሱቃቸውን ለጎረቤታቸው አደራ ሰጡ። «ይነሱ፣ እኔ የዚያ ፋብሪካ ደንበኛ ነኝ። ለእርስዎ ያልተከፈተው በር ለእኔ ይከፈታል።»

ሳያውቁኝ ነው። የእምነቴም የአገሬም ሰው አይደሉም። ያን ቀን ሙሉ አንድም ጊዜ ገበያዬ ሳይሉ ከእኔ ጋር ዞሩ። ይህን ደግነታቸውን እስክሞት አልረሳም።

ዘበኛው እሳቸውን ሲያይ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተ። አቶ መኩሪያ ወጣ። የቁልፍ ተካዮቹ ረጅም ክፍል ባዶ ነው፤ የታሰረ ሸሚዝ ተከምሮበታል።

«እህቴ፣ ከዚህ በር የተቆረጠ ጨርቅ ይወጣል፣ በደርዘን የታሰረ ሸሚዝ ይገባል። መሐሉን እኛ አናየውም» አለኝ።

«የሺን ግን ያውቋታል» አልኩት። ሸሚዙን ገልብጬ አሳየሁት።

«ድንኳን ሰፊዋ?» አለ።

ቁልፉን ሳብ ሳብ አድርጎ ሞከረው። «ዘገየች ብዬ እቆጣት ነበር» አለ። «አሁን ከውጪ የሚመጣው ቁልፍ እየረገፈ ሙሴው እኔን ይቆጣኛል። ደግሞ ቆራጮቹም ውጪ ሊሰጡ ነው ይባላል። የሚቆረጥ ከሌለ ካቦ ምን ይሠራል? እኔም ቀኔን ነው የምጠብቀው።» የወንድሙን ቤት ነገረን። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ነው።

ወንድሙ አንድ ክፍል ውስጥ ጨርቅ ሲቆርጥ አገኘነው። ካፖርቱ የለም። ወዲያው አወቀኝ።

«እናቴ፣ እኔ ልጆቹን ለቅቄአለሁ» አለ ገና ሳልጠይቀው። «ፋብሪካው የሚከፍለኝን ቀነሰ። የጉለሌውን ቤት ኪራይ አልቻልኩም። ከመስቀል በኋላ የቁልፍ መትከሉን ሥራ ለእትዬ ብርቄ ሰጠሁ። ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ሥር ነው ቤታቸው። ልጆቹም አብረው ወደሳቸው ሄዱ።»

«ልጄ ደህና ናት?»

መቀሱን አስቀመጠ። «አንዷ ታማለች የሚል ነገር መጥቶብኝ ነበር። ወደ ቤቷ ላኳት አልኩ።»

«ቤቷ የት እንደሆነ ነገርካቸው?»

«እኔ ቤቷን በምን አውቄ?» አለ። ቆይቶ ደግሞ ቀስ ብሎ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው፣ «ዋስ አልተቀበልኩም እኮ» አለ።

ጋሼ እንድሪስ ክንዴን ይዘው አወጡኝ። መንገዱን እንዴት እንደሄድኩት አላውቅም። አንዷ ነው ያለው፣ የእኔ ናት አላለም እያልኩ ለራሴ እነግራለሁ። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ሰውና ጋሪ ተጨናንቆ ነበር። ከቤቴ በእግር የሚደረስበት ቦታ ነው። ሌላ አገር የሄደች ይመስለኝ የነበረችው ልጄ እዚህ ኖራለች።

ቤቱ ወደ ወንዙ ቁልቁል ነው። በሩ ክፍት ነው፤ ብርሃን የሚገባው በበሩ ብቻ ስለሆነ ልጆቹ ሁሉ ወደ ደጁ ተጠግተው ተቀምጠዋል። አንዷ ጀርባዋን ሰጥታናለች። ክሩን ጠመጠመች። መርፌውን በጥምጥሙ ውስጥ ወደ ኋላ አሹልካ ክንዷን ወደ ላይ አነሳች። ያቺን የክንድ አነሳስ አውቃታለሁ። የአባቴ ናት። የእኔ ናት።

«የሺ» አልኩ።

ልጅቷ ዞረች። ሌላ ፊት ነው።

ልጅቷ እኔን፣ ከዚያ በእጄ የያዝኩትን ሸሚዝ አየች። «ማን አስተማረሽ?» አልኳት።

«የሺ» አለችኝ። «ቁልፍሽ እየረገፈ እትዬ ብርቄ ይቆጡሻል ብላ አስተማረችኝ።» ከዚያ መርፌዋን አስቀመጠች። «እናቷ ነዎት?»

ሁሉም መርፌያቸውን አስቀመጡ። ያኔ አወቅሁ። ያልነገሩኝ ገና ነበር፣ ግን አወቅሁ።

ልጅቷ ሙሉ ትባላለች። እያለቀሰች እሷው ነገረችኝ። የሺ እዚህ ቤት ከመጣች ብዙም አልቆየች። ተስቦ ነው የያዛት። ፋብሪካው ውስጥ ብትሆን ወረቀት ተሰጥቷት ሐኪም ያያት ነበር። እዚህ ወረቀት የሚሰጥ የለም። እትዬ ብርቄም ክፉ ሴት አይደሉም፤ ነጭ ሽንኩርትና ዳማከሴ ሰጥተዋታል፣ የራሳቸውን ጋቢ አልብሰዋታል። ትኩሳቱ ጭንቅላቷ ላይ ወጥቶ ቤቷን እንኳን በትክክል መናገር አልቻለችም። ራጉኤል በኩል መሆኑን ብቻ ነው የሚያውቁት።

«አንድ ቀን ራጉኤል ሄጄ የየሺ እናት ቤት የት ነው ብዬ ጠይቄ ነበር» አለች ሙሉ። «መርካቶ ውስጥ የሺ የምትባል ስንት አለች? ብለው ሳቁብኝ። ሥራውን ትቼ እንደገና መሄድ አልቻልኩም።»

«የት ቀበራችኋት?» አልኳት።

«ራጉኤል። ሰፈሯ ነው ብለን። ቄሱን ለምነን እሺ አሉን።» አፍንጫዋን በነጠላዋ ጠረገች። «ምናልባት በመንገድ የሚያውቃት ሰው ብናገኝ ብለን መርካቶን አቋርጠን በዝግታ ነው የሄድነው። ሰው ግን ሁሉ ሥራ ላይ ነበር። ጆንያ የሚጥፉ አንዲት ሴትዮ ብቻ ተነስተው ትንሽ ሸኙን። የማን ናት ብለው ሲጠይቁኝ…»

ነጠላዬን አየች። ፊቴን አየች። ከዚያ ሁለት እጇን አፏ ላይ አደረገች።

ጋሼ እንድሪስ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ቆባቸውን ከራሳቸው ላይ ያስተካከሉ መስለው ዓይናቸውን ሸፈኑ። «ኢናሊላሂ» አሉ።

ከዚያ በኋላ ያለውን በደንብ አላስታውስም። ለቅሶዬ ላይ የሰፈሩ ሰው ሁሉ መጣ። ዕድሩ ድንኳን ተከለ። ልጄ ያለ ድንኳን ከተቀበረች በኋላ ነው። ሙሉና ሌሎቹ ልጆች መጥተው ዋሉ። ወንድሙም መጥቶ ከድንኳኑ ውጪ ቆሞ ሲያለቅስ አይተውታል። አልገባም። አቶ አበበ ከአጠገቤ አልተነሱም። «ዋሷ እኔ ብሆን ኖሮ ሳይመሽ ደጅሽ እደርስ ነበር» እያሉ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። ያን የጉንፋን ቀን እያስታወሱ ነው።

ብዙ ጊዜ ማን ነው ጥፋተኛው ብዬ አስባለሁ። አላገኘሁትም። ፋብሪካው ሥራውን ለወንድሙ ሰጠ። ወንድሙ ለብርቄ ሰጠ። ሁሉም ከሱ በታች ላለው አሳልፎ ሰጠ። ሸሚዙ አልጠፋም፤ ከእጅ ወደ እጅ ሄዶ ተቆጥሮ ሱቅ ደረሰ። ልጄን ግን ከእጅ ወደ እጅ የተቀበላት አልነበረም። በመሐል ወደቀች።

አሁን ትዕግሥት አድጋለች። ባለፈው ሰሞን አንድ ሰው ልብስ የሚጠልፉ ልጆች እፈልጋለሁ፣ ቤቴ አድረው ነው የሚሠሩት ብሎ መጣ። ዋስ አልጠይቅም አለ፣ እንደ ደግነት። እኔ ግን የአንተ ዋስ ማነው? አልኩት። ሳቀ። የአሠሪ ዋስ ደግሞ ሰምቼ አላውቅም አለኝ። እኔም አልሰማሁም፣ ግን አምጣ አልኩት። ተቆጥቶ ሄደ። ጎረቤቶቼ ፈሪ ሆነሻል ይሉኛል። አዎ፣ ፈሪ ነኝ። ልጅቷ ውኃ ለመቅዳት ስትወጣ እንኳን ወዴት ነሽ እላታለሁ። ለሠራተኛ ዋስ አምጡ ይሉናል፤ ለልጆቻችን የሚጠየቅ ሰው ግን ማነው? ይህን የምታነብ እናት ካለች ይህን ጠይቂ እላታለሁ። ሥራ የሚሰጥሽ ሰው ቤትሽን ካልጠየቀ አትመርቂው።

ስለ ራሴ አንድ ነገር ብቻ ያጽናናኛል፣ እሱው ደግሞ ያቃጥለኛል። ልጄ ያለ እናት አልሄደችም፤ ጥቂትም ቢሆን ሸኝቻታለሁ። ነፍስ ይማርም ብያለሁ። ሙሉ ያን ቀን እንዳለችኝ ጭራሽ ሰው የሌላት አልነበረችም።

አሁንም እዚያው መጋዘን ሥር እቀመጣለሁ። ጥላ የሌለው፣ ዕድር የሌለው ቀብር ሲያልፍ ካየሁ መርፌዬን ጆንያው ላይ ሰክቼ እነሳለሁ። ከመንገድ አልመለስም። እስከ ጉድጓዱ እሄዳለሁ።